ደቦና ወንፈልን በእንግሊዝኛ መጻፍ፦ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎቻችን የቋንቋ ፈተና

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአካባቢያቸው የገጠር ቀበሌዎች ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባና ሶሲዮሎጂ፣ ማለትም የማኅበረሰብ ጥናት፣ የደረሰው ተማሪ ለትምህርቱ ባዳ አይደለም። ደቦ እንዴት እንደሚጠራ፣ ዕድር ሐዘንተኛን እንዴት እንደሚደግፍ፣ ሽማግሌዎች የድንበር ጠብን እንዴት እንደሚያበርዱ እያየ አድጓል። በአማርኛ ቢጠየቅ ከመማሪያ መጽሐፉ የተሻለ ምሳሌ ሊያቀርብ ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ይህንኑ ዕውቀት ከእንግሊዝኛ ጥናቶች ጋር አነጻጽሮ፣ በማስረጃ አስደግፎ፣ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ነው።

ጉዳዩ ተማሪውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ልጁን ለማስተማር በቆሎውን የሸጠው ገበሬም፣ ስለ ኑሮው በየጊዜው የሚጠየቀው የከተማ ነዋሪም የጉዳዩ ባለቤቶች ናቸው።

የችግሩ ሥር ከዩኒቨርሲቲ በፊት ይጀምራል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። ሕፃናት በሚያውቁት ቋንቋ መማራቸው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው። እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲማር የቆየ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ታሪኩንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። በ1990ዎቹ ማብቂያ በየትምህርት ቤቱ የተተከለውን ፕላዝማ የሚያስታውሱ ሁሉ ያውቁታል፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ተማሪው ገባው አልገባው ሳይጠብቅ ያልፍ ነበር። መምህራን ትምህርቱን በአማርኛ ማስረዳታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ አለዚያ ተማሪው ምንም ሳይዝ ይወጣ ነበር። ነገር ግን ተማሪው በራሱ እንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይጽፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ይችላል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይህን ጉድለት በከፊል ያሳያል። በ2014 ዓ.ም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በክልላችን በተከሰተው ግጭትና የሰላም መደፍረስ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ ቋንቋ ደግሞ ካልተሠራበት ቶሎ የሚጠፋ ነገር ነው።

በዩኒቨርሲቲ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ የሚወስዷቸው የእንግሊዝኛ ኮርሶች አሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ለሐኪሙም፣ ለመሐንዲሱም፣ ለሶሲዮሎጂ ተማሪውም አንድ ዓይነት ናቸው። የሶሲዮሎጂ ተማሪ የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ከዚህ ይለያል። በየከተማው የሚተዋወቁት የአጭር ጊዜ የንግግር ሥልጠናዎችም ይህን ክፍተት አይሞሉም፤ በእንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚያወራ ሰው የጥናት ጽሑፍ መጻፍ ሊያቅተው ይችላል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። ወንፈል ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ነው፤ ዛሬ ለጎረቤቱ አንድ ቀን ያረሰ፣ ነገ አንድ ቀን ይታረስለታል። ደቦ ግን ጠሪው ደግሶ ብዙ ሰው የሚያሰባስብበት ሲሆን፣ የቀን ቆጠራው እንደ ወንፈል የጠበቀ አይደለም። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ማርሻል ሳሊንስም በእኩል መጠንና በቅርብ ጊዜ የሚመለስን ውለታ፣ ጊዜውና መጠኑ ካልተቆረጠ ውለታ ለይተው ጽፈዋል። የእኛ ተማሪ ይህን ልዩነት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሆኖም ሁለቱንም «ግሩፕ ወርክ» ብሎ ከተረጎማቸው ልዩነቱ ይጠፋል፤ ከእርሱ በቀር ማንም ያላየውን ነገር ይዞ ሳያሳየው ይቀራል።

ይህ ለጎጃም አዲስ ታሪክ አይደለም። አሜሪካዊው ምሁር አለን ሆበን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በደጋ ዳሞት ኖረው ስለ ርስት ሥርዓት አጥንተው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ገበሬው በአባቱም በእናቱም በኩል እየቆጠረ ከዋናው አባት ርስት ድርሻ ይገባኛል የሚልበትን፣ ፈጅም ድርሻውን የሚያስተናግድበትን መንገድ በዝርዝር አስቀምጠዋል። ዛሬ የደጋ ዳሞት ልጅ የአያቱን የመሬት ሥርዓት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለማጥናት ሲፈልግ የሚቀርብለት ይህ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። አያቱን ጠይቆ መጽሐፉን ሊያርም፣ ሊያጠናክር ወይም ሊሞግት የሚችለው ግን በዚያው ቋንቋ መሟገት ሲችል ነው።

አንዳንዶች ችግሩ ከባህላችን ነው ይላሉ፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነገሩን በቀጥታ መናገር ይከብደዋል በማለት። ይህ አባባል ግማሹን ብቻ የሚያይ ነው። በሽምግልና የቆመ ምስክር «አይቻለሁ» እና «ሲሉ ሰምቻለሁ» የሚሉትን ቃላት ቢያደባልቅ ወዲያው ይጠየቃል። «ማን አለህ? የት ነበርክ?» ይባላል። የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ማን እንዳለ፣ በምን እንደታወቀ፣ ጸሐፊው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ። «ሊሆን ይችላል» እና «ነው» የሚሉት ቃላት ልዩነት በጥናት ጽሑፍ ላይ ትልቅ ነው። መምህሩ ከዚህ ቢጀምር ተማሪው የሚማረው እንግዳ የሆነ አስተሳሰብ ሳይሆን፣ የሚያውቀውን ጥንቃቄ በሌላ ቋንቋ የመግለጽ ስልት ይሆናል።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ማንበብን ይፈትናል፤ መጻፍን አይፈትንም። ተማሪውም ክፍሉም ለፈተናው ሲሯሯጡ የመመረቂያ ጥናቱ ወደ ጎን እንዳይገፋ ያሰጋል። ጥናቱን በገንዘብ የሚያስጽፍ ተማሪ መኖሩ የቆየ ቅሬታ ነው፤ አሁን ደግሞ በስልክ የሚገኘው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃዎች ውስጥ ጥሩ እንግሊዝኛ ይጽፋል። የወንፈልንና የደቦን ልዩነት ግን ገበሬውን ሳይጠይቅ ከየት ያመጣዋል?

መፍትሔው ትልቅ በጀት የሚፈልግ አይመስለንም። የእንግሊዝኛና የሶሲዮሎጂ መምህራን አንድን ጽሑፍ አብረው ቢያርሙ፣ ተማሪዎች ሐሳቡን አስቀድመው በአማርኛ ተወያይተው ወደ ጽሑፍ ቢገቡ፣ እንደ ወንፈል ያሉ ቃላት በግድ ሳይተረጎሙ እንዳሉ ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ቢብራሩ ለውጥ ይመጣል። በሁለተኛ ደረጃም በሳምንት አንድ አንቀጽ ማጻፍና ማረም ይቻላል፤ እርግጥ ነው፣ ክፍሉ በተማሪ ለተጨናነቀበት መምህር ቀላል ሥራ አይደለም።

ሌላው የሚቀረው የገበሬው ድርሻ ነው። ስለ ቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ስለ መሬት ክርክር የሚያጠና ተማሪ ሰዎችን የሚጠይቀው በአማርኛ ነው። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ጥናቱ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ የተጠየቀው ሰው የተባለለትን አያውቅም። ተማሪው ከጥናቱ ጋር የሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ አዘጋጅቶ ለቀበሌው እንዲሰጥ የትምህርት ክፍሉ ቢያስገድድ፣ ወጪው የወረቀትና የኅትመት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው «እኔ እንዲህ አላልኩም» ለማለት ይችላል፤ ተማሪውም የመጨረሻውን ቅጂ ከማስገባቱ በፊት እንግሊዝኛውን የሚያርምበት ጊዜ ይኖረዋል።