ከሰፈራቸው ሳይወጡ ይጦሩ

እናትን ወይም አባትን የአረጋውያን መጦሪያ ማዕከል ማስገባት ነውር ነው? በአዲስ አበባው የሸማኔዎች ሰፈር፣ በሽሮ ሜዳ፣ ይህ ጥያቄ የሚያስጨንቃቸው ልጆች አሉ። አንዱ ልጅ ውጭ አገር ነው፤ ሌላው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከተማው ዳር ወጥቷል፤ የቀረችው ከጠዋት እስከ ማታ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ትውላለች። ማስገባቱን ነውር አልለውም። ነውሩ አረጋዊው ሳይጠየቁ መወሰኑ ነው።

አገራችን ውስጥ ስማቸው የታወቀ ማዕከላት ጧሪ ቀባሪ ላጡ ሰዎች የተቋቋሙ ናቸው። በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሳ ይጦራል። ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ትሬዛ ቤትም ለታመሙ ድሆች ነው። ልጅ ያላቸው፣ ዶላር የሚላክላቸው ሰው እዚያ አልጋ ቢይዙ የሌላ ምስኪን ቦታ ይወስዳሉ።

ከፍሎ የሚያስጦር ቤተሰብ እንግዲህ የግል መጦሪያ ቤት ይፈልጋል። ሲፈልግ ግን መጋረጃና ምንጣፍ አይቶ አይመለስ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አረጋዊውን ሽንት ቤት የሚያደርሳቸው ማነው? የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸውን የምትሰጠው ነርስ ናት ወይስ የጽዳት ሠራተኛዋ? ሳይደውሉ ቢሄዱ በሩ ይከፈታል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ኃላፊው ቢሮ ውስጥ አይገኝም። በምሳ ሰዓት ሄዶ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን ማን እንደሚያጎርሳቸው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ አባት ግን ጥሩ ቤት ቢገኝላቸውም የሚያጡት ብዙ ነው። ዕድሜ ልካቸውን እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ሲሸምኑ ኖረዋል። ዛሬ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ዓይናቸው ጥለት መለየት ቢያቅተው እንኳ ደጃፍ ተቀምጠው ማግ ያጠነጥናሉ፤ ወጣቱ የተበጠሰ ድር ሲቀጥል ያርሙታል። ዕድራቸውም ማኅበራቸውም እዚያው ነው። ለአብዛኞቹ ሸማኔዎች ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ የመጦሩ ኃላፊነት የማን ነው?

የቤተሰብ ሕጉ ልጅ ችግር ላይ የወደቀ ወላጁን እንዲቀልብ ያስገድዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ለሽሮ ሜዳ የጎደለው ግን አረጋውያኑ ከሰፈራቸው ሳይርቁ ቀን ውለው፣ ትኩስ ምሳ በልተው፣ ግፊታቸውን ተለክተው ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት መዋያ ነው። ልጆቹ ለማዕከል ሊከፍሉ ያሰቡት ገንዘብ ለዚህ ሊውል ይችላል።

የሽሮ ሜዳ ዕድሮች ሆይ፣ ድንኳኑም ወንበሩም ድስቱም አላችሁ። አባሎቻችሁን ለመቅበር ብቻ አትጠብቁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የቀን መዋያውን ጉዳይ አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙት፣ ወረዳውንም ቤት ጠይቁ።