ነፋስ፣ ካስማና አንቀጽ 2035
ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ጠረጴዛችሁ ላይ የዘይት፣ የስኳርና የሲሚንቶ ጉዳይ ተቆልሎ ሳለ ስለ ልጆች መጫወቻ መጻፍ ቅብጠት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ኪራይ ነው፤ ኪራይ ንግድ ነው፣ ንግድ ደግሞ የእናንተ ቤት ነው። በልደት ድግስ፣ በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን፣ በበዓል ባዛርና በሆቴል ግቢ የሚዘረጋው፣ በሞተር የሚነፋው፣ አከራዩም ተከራዩም «ጃምፒንግ» የሚለው የልጆች መዝለያ በገንዘብ የሚቀርብ አገልግሎት ነው። የምጠይቃችሁም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ኪራይ በስሙ ጠርቶ፣ ቃል ሳያበዛ፣ ልኩን በቁጥር የሚናገር አስገዳጅ መመሪያ አውጡ። ተቆጣጣሪ ጨምሩ አላልኩም። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቀምጦ የሚጠብቅ አንድ አንቀጽ አለ፤ እናንተ አንድ ገጽ ከጻፋችሁለት ብዙውን ሥራ እሱ ይሠራዋል።

ብዙ ሰው መዝለያው ለስላሳ ስለሆነ አይጎዳም ብሎ ያምናል። የሚጎዳው ግን ልስላሴው ራሱ ነው። ወለሉ ያረፈበትን ክብደት መልሶ ይወረውራል፤ አርባ ኪሎ የሚመዝን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አጠገቧ ሲያርፍ፣ የአራት ዓመቷ ልጅ በራሷ ጉልበት ልትዘል ከምትችለው በላይ ትስፈነጠራለች። ስትመለስ በእግሯ አታርፍም፤ እጇን ዘርግታ ትወድቃለች፣ ክርኗ ወይም የእጅ አንጓዋ ይሰበራል። «ፔዲያትሪክስ» የተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጥናት፣ ከ1990 እስከ 2010 በዚያ አገር ድንገተኛ ክፍሎች በዚሁ መዝለያ ሰበብ የታከሙትን ልጆች 64,657 ገደማ ብሎ ገምቷል። 2010 ላይ ሲደርስ በቀን 31 ልጅ ነበር። ከጉዳቱ ሩብ የሚበልጠው የአጥንት ስብራት ነው፤ 43 በመቶው የደረሰው በመውደቅ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስብራት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ቤት ነው። እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አሉ፤ ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም ከልክሎ እጅ ያስቆረጣቸው ሕፃናትም ለአጥንት ሐኪሞቻችን እንግዳ አይደሉም። ለዚህ ደብዳቤ የሚበጀው ግን ሌላው ነገር ነው፦ ወጌሻ የሕክምና ማስረጃ አይጽፍም፤ ማስረጃ የሌለው ስብራት ደግሞ ፍርድ ቤት ሲደርስ አፍ የለውም።

ዜና የሚሆነው ነፋሱ ነው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2021 በዓለም ዙሪያ ከነፋስ ጋር የተያያዙ 132 የመዝለያ አደጋዎችን ሰብስበው ቢያንስ 28 ሰው እንደሞተና 479 እንደተጎዳ ቆጥረዋል። ነገሩ ምሥጢር የለውም። ግድግዳው አራት ሜትር በሦስት ሜትር ከሆነ 12 ካሬ ሜትር ሸራ ነፋስ ላይ ተወጥሯል ማለት ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ገመዱን ያላነቃነቀው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቢበረታ ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 14960 ይህን ስጋት ወደ ቁጥር ለውጦታል። ነፋሱ በሰዓት ከ38 ኪሎ ሜትር ካለፈ ልጆቹ ይወርዳሉ። መዝለያው ቢያንስ ስድስት ማሰሪያ ይኖረዋል፣ ካሉት ውስጥ አንድም ሳይታሰር አይቀርም። ካስማው 38 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው። ካስማ በማይገባበት ቦታ ደግሞ የእንግሊዝ አከራዮች የሚመሩበት ልክ በእያንዳንዱ ማሰሪያ 163 ኪሎ ነው። የእኛ ግቢ ብዙው ሲሚንቶ፣ ንጣፍ ወይም ኮብልስቶን ስለሆነ ይህችን ቁጥር ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ ተጭኖበት ገና 13 ኪሎ ይቀረዋል፤ በውሃ ከሆነ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ስምንት ያህል ተሞልቶ ይደረደራል፤ ያውም ለአንዱ ማሰሪያ ብቻ። አምስት ማሰሪያ ገና ይቀራል።

ነፋስ በሌለበት ቀንም የምንሰጋበት የራሳችን ነገር አለ። መዝለያው ቆሞ የሚታየው ሞተሩ ያለማቋረጥ ስለሚነፋው ነው። መብራት ሲጠፋ ጣሪያው ይረግባል፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ትልልቆቹ እየተሳሳቁ ሲወጡ ትንንሾቹ ከሸራው ሥር ይቀራሉ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ እጁን ሰድዶ የሚያወጣቸው፣ ሌላ ሥራ ያልተሰጠው አዋቂ ሰው መግቢያው ላይ መኖር አለበት። ሞተሩን አስነስቶ ማኪያቶ ሊጠጣ የሄደ ሰው በዚህ ሒሳብ አይገባም።

ልጁ የተጎዳበት ወላጅ በሕግ ባዶ እጁን አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። አንቀጽ 2067 በድርጊቱ የሰው አካል የጎዳን ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። አንቀጽ 2130 ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ይጠይቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት አካል መጉዳትን በአንቀጽ 559፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543 ይቀጣል። ወረቀት ላይ ብዙ ነው፤ ችሎት ፊት ሲቆም ግን ይሳሳል። አከራዩ «ያነሳው ነፋስ ነው» ወይም «የወደቀባት ሌላ ልጅ ነው፣ እኔ ምን አደረግሁ?» ሲል፣ «በድርጊቱ» የምትለዋ ቃል ላይ ረጅም ክርክር ይከፈታል። ሌላ ልጅ ነው ከተባለ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ አንቀጽ 2124 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላጠፋው አባቱን ኃላፊ ስለሚያደርግ፣ ሙግቱ ለልደቱ ከተጠራ ጎረቤት ጋር ይሆንና ገንዘብ የተቀበለው ሰው ዳር ቆሞ ይመለከታል። ወላጁ ወደ አከራዩ ለመመለስ ጥፋት ማስረዳት አለበት። ጥፋቱ ግን ከምን ጋር ተለክቶ? ልኩ ባልተጻፈበት ዳኛው አንድ ጠንቃቃ ሰው ምን ያደርግ ነበር ብሎ ከባዶ መነሳት ግድ ይሆንበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜው ይነጉዳል፤ ነገሩ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር አንቀጽ 2143 ለካሳ ክስ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው።

ቢፈረድለትስ? የሕክምና ወጪው ይተካል፣ ወደፊት የሚቀርበት ገቢም ይታሰባል፤ መጠኑ በትክክል ካልታወቀ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ ይቁረጥ ይላል። ለሕሊና ጉዳት ግን አንቀጽ 2116 ንዑስ አንቀጽ 3 ጣሪያ አኑሮበታል፦ 1,000 ብር። በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ ይገዛ እንደሆነ ሥጋ ቤት የሄደ ሰው ያውቀዋል። ይህን ጣሪያ ማንሳት የምክር ቤት ሥራ ስለሆነ በእናንተ አልፈርድም።

በእጃችሁ ያለው አንቀጽ 2035 ነው። በሕግ፣ በደንብ ወይም በአስተዳደር መመሪያ በተለይና በግልጽ የተነገረውን የጣሰ ሰው በመጣሱ ብቻ ጥፋተኛ ነው፤ ሕጉን አላወቅሁም ማለትም አያድነውም። እናንተ «ያለው ማሰሪያ ሁሉ ይታሰር» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ከስድስቱ አራቱ ብቻ የታሰሩበትን የሚያሳይ አንድ የስልክ ፎቶ ጥፋቱን ያስረዳል። ዳኛው የነፋስ ሳይንስ መማር አያስፈልገውም፤ ይቆጥራል። ጉዳቱ የመጣው በዚያ ጥፋት መሆኑን ማሳየት አሁንም የወላጁ ድርሻ ነው፤ የክርክሩ ግማሽ ግን ከመጀመሩ በፊት አልቋል። ይህን የሚያውቅ አከራይ ደግሞ ካስማውን የሚቆጥረው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ አይሆንም፤ እያንዳንዱ እንግዳ ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዟል።

«ነፋስን ማን ይይዘዋል? የእግዜር ሥራ ነው» የሚሉ አሉ፤ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይኸው ነው፣ ደጋፊውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 2021 በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያ ዴቨንፖርት ከተማ፣ በሂልክረስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓመቱ ማብቂያ ዝግጅት ላይ መዝለያው ከነልጆቹ ተነሳ። ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቀው ስድስት ልጆች ሞቱ። ዐቃቤ ሕግ ከስምንቱ ማሰሪያዎች በካስማ የተያዙት አራቱ ብቻ ነበሩ ብሎ አንቀሳቃሿን ከሰሰ። ሦስት ዓመት ተኩል አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበታት፤ ጉድለት ነበር፣ ነገር ግን የመጣው ከባድ የአቧራ አዙሪት ስለሆነ የሚገባው ሁሉ ቢደረግም አደጋውን አያስቀረውም ነበር አለ። የስድስቱ ልጆች ቤተሰቦች ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። እኔ ግን ይህን ፍርድ መመሪያ ከንቱ ነው ለሚል ሰው አልሰጠውም። ያ ፍርድ ቤት የነፋሱን ድርሻ ከሴትየዋ ድርሻ ለይቶ መመዘን የቻለው ስንት ማሰሪያ መታሰር እንደነበረበት አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ስለነበረ ነው። ልኩ የለም ቢባል ኖሮ የተከሳሿም ነጻነት ሐሜት እንደተከተለው ይኖር ነበር። መመሪያው ለወላጅ ማስረጃ የሚሆነውን ያህል ሥራውን በልኩ ለሠራ አከራይ ጋሻ ነው።

ደግሞም ያልተያዘው ነፋስ ሁሉ ከአቅም በላይ የሆነ ነፋስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በእንግሊዝ ሃርሎው ከተማ፣ ማዕበል እየመጣ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮ ሳለ፣ የሰባት ዓመት ልጅ የያዘ መዝለያ ከካስማው ተነቅሎ 300 ሜትር ያህል ተንከባለለ፤ ልጅቷ ሞተች። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱ አንቀሳቃሾች በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው በሦስት ዓመት እሥራት ተቀጡ። በዚያ አገር የአየር ሁኔታውን መከታተልና ካስማውን በልኩ መትከል የሥራው ደንብ ስለሆነ፣ ነፋሱን ሰበብ ማድረግ አላዋጣቸውም።

«ሠርተው የሚበሉ ወጣቶችን አታስርቡ» የሚለውን አከብራለሁ። ሒሳቡ ግን ይታይ። ባለ 16 ፌሮ በ38 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ አንዱን ጫፍ ማሾል፣ ሌላውን ልጅ እንዳይወጋ አድቦልቡሎ ማጠፍ ምናለሽ ተራ ላለ ባለሙያ ከሻይ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። የነፋስ መለኪያው በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። በእውነት የሚያስወጣው መግቢያው ላይ የሚቆመው ሰው አበል ነው፤ እሱን አልክድም፣ ኪራዩ ላይ ይጨመር። ወላጅ የራሱን ልጅ ይጠብቅ የሚሉትም በግማሽ ልክ ናቸው። ወላጅ ልጁን ያያል፤ ከሸራው ጀርባ ስንት ካስማ እንደገባ ግን አያይም፣ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትርም በቆዳ አይለካም።

አገሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ደግሞ አዲስ መመሪያ ማለት አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ደጅ ጥናት፣ ከጠረጴዛ ሥር አዲስ እጅ ነው ይሉኛል። ለዚህ ነው ፈቃድ ያልጠየቅሁት። ማንም ቢሮ ሄዶ የሚያስፈርመው ነገር አይኑር። መመሪያው የነፋሱን ወሰን፣ የማሰሪያውን ብዛት፣ የካስማውን ልክና በማሰሪያ የሚጫነውን ክብደት ይናገር። አዋቂው ጠባቂ እንዳይለይ፣ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ወዲያው እንዲወጡ፣ መግቢያው ላይ የቁመት መስመር ተሰምሮ ትልልቁና ትንንሹ በየተራ እንዲገባ ያዝዝ። አከራዩ ስሙ፣ አድራሻውና የግብር ከፋይ ቁጥሩ ያለበት ደረሰኝ ለተከራዩ ይስጥ፤ አለበለዚያ ከአደጋው ማግስት ጀምሮ ያለው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው፣ ስልክ ደግሞ ይዘጋል። ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ጋር ብትመክሩ ቴክኒኩ ከዚህ በላይ ይጠራል፤ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ ስለሚያዝ አከራዮቹም ቁጥሩ ከበዛባቸው በአደባባይ ይከራከሩበት።

አንድ አደራ ብቻ አለኝ፤ እሱም በቃላት ላይ ነው። ረቂቁ ውስጥ «በቂ ክብደት»፣ «አስተማማኝ ማሰሪያ»፣ «ተገቢ ጥንቃቄ» የሚሉት እንዳይገቡ። አንቀጽ 2035 የሚሠራው በግልጽ ለተነገረ ነገር ነው፤ «በቂ» ተብሎ ከተጻፈ አንዱ ሁለት ጄሪካን ያሳያል፣ ሌላው የድንጋይ ክምር ያሳያል፣ ዳኛውም ወደ ግምቱ ይመለሳል። 163 ኪሎ ተብሎ ይጻፍ።