ውሸት «ችሎታ» ሲባል

በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ በገንዘብ ካርታ የሚጫወትን ወጣት ብትመክረው፣ «ፖከር ችሎታ እንጂ ዕድል ስላልሆነ ቁማር አይባልም» ሊልህ ይችላል።

እስቲ ችሎታውን እንመልከት። ቀድሞ የሚያስይዘው ሰው ከኋላው ያሉት የያዙትን አያውቅም። ሆኖም ደካማ ካርታ ይዞ ብዙ ብር ያስይዛል። ሌሎቹ፣ «ሁላችንም እያለን ቀድሞ የደፈረው ጥሩ ካርታ ቢይዝ ነው» ብለው ካርታቸውን ይጥላሉ፤ እርሱም ገንዘቡን ይሰበስባል። ማታለሉ የሠራው ስላመኑት ነው!

ነጋዴ ዕቃ፣ ሠራተኛ ጉልበት ይሰጣል። ይህ ሰው ከውሸት በቀር ምን ሰጠ?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ 90ኛና 91ኛ አንቀጾች ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር ሲከለክል፣ ሸይጧን በእነርሱ ጠላትነትን ሊዘራና ከሶላት ሊያግድ እንደሚሻ ገልጿል።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ! ችሎታው ማታለል ከሆነ፣ «ችሎታ ነው» ማለት ጥፋቱን እጥፍ ያደርገዋል እንጂ ሐላል አያደርገውም።