ዳንኤልስ ይሰለፍ፤ መቼ እንደሚወጣ ግን እሱ አይወስን

የዋሽንግተን ኮማንደርስን ኳርተርባክ ጉዳይ በተመለከተ አቋሜን በቀጥታ ልናገር። ጄይደን ዳንኤልስ ጤነኛ ከሆነ እሱ ይሰለፍ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የእኔ ክርክር ሌላ ነው፤ ልጁ ሙሉ ጤነኛ ባልሆነ ቀን፣ ወይም ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ሜዳ ላይ መሆን ያለበት ማን ነው?

የአሜሪካን ፉትቦል ለማትከታተሉ ባጭሩ፤ ቡድኑ ሲያጠቃ በእያንዳንዱ ሙከራ ኳሷን የሚቀበለውና ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው ኳርተርባኩ ነው። ቦታው እንደ በረኛ ነው፣ ለሁለት ሰው አይበቃም። ክንፍ ተጫዋችን ወደ መሀል ስበህ ልታሰልፈው ትችላለህ፤ ሁለተኛው ኳርተርባክ ግን ወይ ይጫወታል ወይ ቁጭ ብሎ ያያል። ደግሞ በረኛን የሚጋጨው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ኳርተርባክን ግን ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት ብለው ነው የሚሮጡበት።

ይህ ክለብ እንዲህ ዓይነት ክርክር ከዚህ በፊትም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በሚመረጡበት ድራፍት ሮበርት ግሪፊንን በ2ኛ ቁጥር ለመውሰድ ሲል ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ አሳልፎ ሰጠ። ልጁ የ400 ሜትር መሰናክል ሯጭ የነበረ ነው፤ ሲሮጥ ማን ይይዘዋል? በዚያው ድራፍት ክለቡ በ102ኛ ቁጥር ሌላ ኳርተርባክ መረጠ፣ ከርክ ከዝንስን። ብዙ ሰው ሁለተኛው ልጅ ለምን እንዳስፈለገ አልገባውም ነበር።

ዲሴምበር ላይ ገባው። ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ግሪፊን ጉልበቱን ተመታ፤ ከዝንስ ገብቶ ጨዋታውን አቻ አደረገና ቡድኑ በጭማሪ ሰዓት 31 ለ 28 አሸነፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ክሊቭላንድ ላይ ከዝንስ ከመጀመሪያው ተሰልፎ 38 ለ 21 አሸነፉ። ማለትም አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ጤነኛና የተፈተነ ሁለተኛ ሰው በእጁ ነበረው።

ታዲያ ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ከሲያትል ጋር በጥሎ ማለፉ ምን ሆነ? ዋሽንግተን 14 ለ 0 መራ። ግሪፊን ገና በመጀመሪያው ሩብ ያው ጉልበቱ አመመው፣ ሲያነክስም ሁሉም ሰው አየ። አሰልጣኙ ጠየቀው፤ እሱም መጫወት እንደሚችል ተናገረ። በአራተኛው ሩብ መሬት ላይ የወደቀች ኳስ ሊያነሳ ሲል ጉልበቱ ከሥሩ ተጣመመ፤ የጉልበቱ ጅማቶች ተጎድተው ቀዶ ሕክምና ገባ። ጨዋታው 24 ለ 14 በሽንፈት አለቀ። ልጁ ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ ያ ፍጥነት ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። በ2013ቱ የውድድር ዘመን ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፣ አሰልጣኙም ተባረረ። በ2015 ከዝንስ ቋሚ ሆነ፤ ግሪፊን ያንን ዓመት አንዲት ጨዋታ እንኳ ሳይገባ ጨረሰው።

አሁን ወደ ዳንኤልስ። እሱም 2ኛ ቁጥር ነው፣ በ2024። (ተጠባባቂው ማርከስ ማሪዮታም በ2015 በቴነሲ የተመረጠው በ2ኛ ቁጥር ነው፤ ይቺ ቁጥር ከዚህ ክለብ ጋር የሆነ ነገር አላት።) በመጀመሪያ ዓመቱ 4 ለ 13 የነበረውን ቡድን 12 ለ 5 አድርጎ እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ አደረሰው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያደጉ የኛ ልጆች ማሊያውን ቢለብሱ አይፈረድባቸውም።

ቀጥሎ 2025 መጣ። መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ከዚያ የጭኑ ጡንቻ። እሱ በሌለበት ማሪዮታ ላስቬጋስን 41 ለ 24 አሸነፈ። ኖቬምበር 2 ዳንኤልስ ተመለሰ፤ ተጋጣሚው ማን ነበር? ሲያትል። ሜዳውም ያው የላንድኦቨር ሜዳ። እዚህ አገር ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የጀመረው፣ አላርም ሞልተው የተነሱ አሉ። በአራተኛው ሩብ 38 ለ 7 እየተመሩ ዳንኤልስ አሁንም ሜዳ ላይ ነበር። ተጠልፎ ሲወድቅ የግራ ክርኑ ወለቀ። አሰልጣኙ ዳን ክዊን ኃላፊነቱ የእኔ ነው አለ። ይህን ማለቱ ጥሩ ነው፤ ክርኑን ግን አይመልሰውም። ዲሴምበር ላይ ሚኒሶታ ላይ ሲመለስ ያው ክርን እንደገና ተነካ፣ ክለቡም ለቀሩት ጨዋታዎች አሳረፈው።

አንዳንዱ ደጋፊ "ልጁ ራሱ መውጣት አይፈልግም፣ መሪ እንዲህ ነው" ይላል። አይፈልግማ! ለዚያ ቦታ ከልጅነቱ ጀምሮ የለፋ፣ ወንበሩ ላይ የሚጠብቀውን ሰው የሚያይ ወጣት "ልውጣ" ይላል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። ግሪፊንም አላለም። "31 ነጥብ ወደኋላ ሆኖ መቀየር እጅ መስጠት ነው" የሚለውም አይዋጥልኝም። በሰባት ምናምን ደቂቃ 31 ነጥብ አይመለስም፤ ቤት ውስጥ ያለ ተመልካች ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል እኮ።

ስለዚህ የምለው ይኸው ነው። ሐኪሙ አይሆንም ካለ አይሆንም፤ የተጫዋቹ ፊርማም ሆነ ልመና አያስፈልግም። በመጨረሻው ሩብ ልዩነቱ ከሦስት ተችዳውን በላይ ከሆነ ዋናው ይውጣ፤ ይህም የውድድሩ ዘመን ሳይጀመር ይነገረው፣ ሜዳ ላይ ድርድር እንዳይኖር። ሁለተኛው ኳርተርባክ ደግሞ፣ ማሪዮታም ይሁን ሌላ፣ በሳምንቱ ልምምድ ላይ የሚደርሰው ሙከራ ይጨመርለት። አብዛኛው ልምምድ ለዋናው ስለሚሰጥ ነው አሰልጣኞች ቅያሪ የሚፈሩት። ለሁለተኛው ስትሰጥ ከዳንኤልስ የቀነስክ ይመስላል፤ ግን ዳንኤልስ እንዲያርፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሌሊት ተነስታችሁ የምታዩ ካላችሁ፣ ቡድኑ በሰፊ ልዩነት ሲመራ ወይም ሲመራበት ካሜራው ወደ ተጠባባቂዎቹ ሲዞር ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ልጅ ሄልሜቱን አጥልቆ ትከሻውን እያፍታታ ነው፣ ወይስ እጁን አጣጥፎ ቆሟል?