የታገቱት የዲስኮ አልበሞች ይፈቱ!

ጆኒ ማቲስ በ1981 ኒውዮርክ ውስጥ ስቱዲዮ ገብቶ ስምንት ዘፈኖች ሠራ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮዲዩሰሮቹ የ«ቺክ» ባንድ መሥራቾች፣ ጊታሪስቱ ናይል ሮጀርስና ቤዝ ተጫዋቹ በርናርድ ኤድዋርድስ ነበሩ። «ለ ፍሪክ»ን፣ «ጉድ ታይምስ»ን፣ የሲስተር ስሌጅን «ዊ አር ፋሚሊ»፣ የዳያና ሮስን «አፕሳይድ ዳውን» የሠሩት እነዚሁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ማቲስ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ በፍቅር ዘፈን የምታውቀው ድምፅ ነው። አልበሙ አለቀ፤ «አይ ላቭ ማይ ሌዲ» የሚል ስምም ወጣለት። ከዚያ የሙዚቃ ኩባንያው ኮሎምቢያ መጋዘን አስገብቶ ቆለፈበት። አድማጭ ሙሉውን ያገኘው በ2017፣ በትልቅ የአልበሞች ስብስብ ውስጥ ተካቶ ነው። በርናርድ ኤድዋርድስ በ1996 ቶኪዮ ውስጥ ሞቷል። ሥራው ለሕዝብ ሲደርስ እሱ አፈር ከለበሰ 21 ዓመት ሆኖት ነበር።

የዲስኮ ወዳጆች ይህን ታሪክ ሲያወሩት ዓይናቸው ያበራል። «የጠፋው አልበም» እያሉ እንደ ተረት ያሞካሹታል። እኔን ያንገበግበኛል። ያ አልበም አልጠፋም። የት እንዳለ የሚያውቅ ኩባንያ ነበረ፤ ቁልፉም በእጁ ነበር። ሰዎች ላባቸውን አንጠፍጥፈው የጨረሱትን ሥራ ለ36 ዓመት ዘግቶ መያዝ በደል ነው። ያንን በደል እንደ ውበት እያዩ መደነቅ ደግሞ ከበዳዩ ጋር መተባበር ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት እንደመጣ ለማየት ወደ ጁላይ 12 ቀን 1979 እንመለስ። ቺካጎ፣ ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም። በሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች መሐል ስቲቭ ዳል የተባለ የሬዲዮ አቅራቢ በሣጥን የታጨቀ የዲስኮ ሸክላ ሜዳው ላይ አስቀምጦ በፈንጂ አጋየው። የሚቃጠል ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው መግቢያው 98 ሳንቲም ብቻ ነበር። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረና ባለሜዳው ዋይት ሶክስ በፎርፌ ተሸነፈ። በዚያ ምሽት ስታዲየሙ ውስጥ በአስተናጋጅነት ይሠራ የነበረው፣ በኋላ በሃውስ ሙዚቃ ስሙ የገነነው ቪንስ ሎውረንስ፣ ሰዉ ይዞት የመጣው ዲስኮ ብቻ እንዳልነበር፣ ዲስኮ ያልሆነ የጥቁር ዘፋኞች ሸክላም አብሮ እንደመጣ መስክሯል። ናይል ሮጀርስም ያንን ምሽት ናዚዎች መጽሐፍ ካቃጠሉበት ጋር አመሳስሎታል።

ከዚያ በኋላ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀባበለ፤ «ዲስኮ በ1979 ሞተ» የሚል። ውሸት ነው! ዲስኮ በ1980 ስቱዲዮ ውስጥ ነበር፤ በ1981ም ነበር። ሠሪዎቹ አልደከሙም፤ እንዲያውም እጃቸው ይበልጥ የተፍታታበት ጊዜ ነበር። የደነገጡት የኩባንያ አለቆች ናቸው። የተሠራውን ካፈኑት በኋላ «አየህ፣ ምንም አልመጣም፤ ሞቷል» አሉ። ቺካጎ ላይ የተቃጠለውን ዓለም አይቶታል፤ ፎቶውም አለ። ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ፊርማ ስለተቀበረው ግን ማንም ጭስ አላየም።

የዘፋኟን የዶና ሰመርን ነገር ተመልከቱ። ከጆርጆ ሞሮደርና ከፒት ቤሎት ጋር ሆና በ1977 «አይ ፊል ላቭ»ን ስትሠራ የዳንስ ሙዚቃን መንገድ ቀይራለች። በ1980 ዴቪድ ጌፈን አዲስ ለከፈተው ኩባንያ የፈረመች የመጀመሪያዋ አርቲስት እሷ ነበረች። በ1981 ከነዚያው ሁለት ባልደረቦቿ ጋር «አይም ኤ ሬይንቦው» የተባለ፣ 18 ዘፈኖች ያሉት ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ሠርታ አስረከበች። ኩባንያው አልወደደውም። አልበሙን ወደ ጎን አስቀምጦ እሷን ወደ ፕሮዲዩሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ ላካት፤ ስንት ተአምር የሠራው የሦስቱ ሰዎች ጥምረትም በዚሁ ለዓመታት ተቋረጠ። ከአልበሙ ውስጥ «ሮሚዮ» የተባለው ዘፈን በ1983 «ፍላሽዳንስ» ለተባለው ፊልም ሲፈለግ ግን ወጣ፤ የፊልሙ ሙዚቃ አልበምም በአሜሪካ ሽያጭ አንደኛ ሆነ። ለፊልም የበቃ ዘፈን ለራሷ አልበም እንዴት ሳይበቃ ቀረ? «አይም ኤ ሬይንቦው» ሙሉው የወጣው በ1996፣ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በ32 ዓመቷ የዘፈነችውን ልጅ ሕዝብ የሰማት 47 ዓመት ከሞላት ወዲህ ነው። በዚያ መሐል ዲስኮን የሚወድ ወጣት ትውልድ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ነበር።

የታተመ ሥራ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ሮጀርስና ኤድዋርድስ በ1980 ለዳያና ሮስ የሠሩትን አልበም «ሞታውን» የተባለው ኩባንያ ያለ እነሱ ፈቃድ እንደገና ሚክስ አስደርጎ አወጣው። አልበሙ በጣም ተሸጠ፤ እሰየው። ሠሪዎቹ የፈለጉትን ድምፅ ለመስማት ግን እስከ 2003 መጠበቅ ነበረብን።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ወዳጆቹ ልምጣ፤ ጣቴን ኩባንያ ላይ ብቻ ቀስሬ ብቀር አድልዎ ይሆንብኛል። አንድ ጊዜ አንድ የሸክላ ሰብሳቢ ቤቱ ጠርቶኝ ከመደርደሪያው ላይ በጥንቃቄ አንድ ነገር አወረደ። ከሽፋኑ ሲወጣ እንደ ተራ ሸክላ አይደለም፤ ይከብዳል፤ ጠርዙ ላይ አሉሚኒየሙ ይታያል፤ መሐሉ ላይ በእጅ የተጻፈ የዘፈን ርዕስ ብቻ አለ። አሲቴት ነው። ፋብሪካ ሳይገባ ለሙከራ ወይም ለዲጄ የሚቀረጽ፣ ላዩ ላከር የተቀባ፣ መርፌ ባረፈበት ቁጥር የሚፋቅ ሸክላ። አስጀመረው። ጭርጭርታ፣ ከዚያ ሃይ ሃት፣ ከዚያ ኮንጋ። ቤዙ ሊገባ ሲል ሰውዬው መርፌውን አነሣ። «ይበቃል፤ ብዙ ሰው ከሰማው ዋጋው ይወርዳል» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ።

ደሜ ፈላ። ዲስኮ እኮ ከጥንስሱ ጀምሮ ለብዙ ሰው አንድ ላይ ተብሎ የተሠራ ሙዚቃ ነው! የሪሚክስ ባለሙያው ቶም ሞልተን ዘፈኑን ያረዘመው፣ በትልቅ ሸክላ ላይ የተቆረጠ ቅጂ ድምፁ እንደሚሰፋና እንደሚደምቅ ሲሰማ የተደሰተው፣ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ጭፈራው እንዳይቋረጥበት ብሎ ነው። ለብቻ ተቀምጦ መርፌ እያነሡ መኩራራት ለዚህ ሙዚቃ ስድብ ነው። ሰብሳቢው ከኩባንያው በምን ይለያል? አንዱ መጋዘን አለው፤ ሌላው ሳሎን አለው። ሁለቱም ዘፈኑ እንዳይዘፈን ነው የሚጠብቁት።

ያልወጣ አልበም እንደሚስብ አልክድም፤ እኔንም ይስበኛል። የሚስበኝ ግን መደበቁ አይደለም። «አይ ላቭ ማይ ሌዲ»ን ስሰማ የሮጀርስ ጊታር ከሥር ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ሲሄድ፣ ቤዙ ሳይቸኩል ሲመልስለት፣ የማቲስ ልስልስ ድምፅ ከላይ ሲንሳፈፍ፣ ልቤን የሚይዘው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ በጊዜው ወጥቶ ቢሆን ከእሱ ማን ይማር ነበር? የትኛው ወጣት ቤዝ ተጫዋች ክፍሉን ዘግቶ ያጠናው ነበር? ሙዚቃ የሚያድገው አንዱ ከሌላው ሰምቶ ነው። የታገተ አልበም ሠሪውን ብቻ አይጎዳም፤ ከእሱ ሊወለዱ የሚችሉትን ዘፈኖችም ያመክናል።

«ኩባንያው ገንዘቡን አውጥቶበታል፤ የራሱ ንብረት ነው» የሚሉኝ አሉ። በሙዚቃ ውል ልማድ የስቱዲዮ ወጪ ከአርቲስቱ ድርሻ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ ነው። አልበሙ ሲወጣ ከሽያጩ ይቀነስበታል፤ ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕዳው ሒሳቡ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ለመክፈል ባለዕዳ፣ ለማዘዝ ባዕድ! ይህን ንብረት የሚል ሕግ ካለ ሕጉ ይታረም።

«አርቲስቱ ራሱ ባይፈልገውስ?» የሚለውን ጥያቄ ግን አከብረዋለሁ። አርተር ራስል አለ። በ1978 በ«ዳይኖሰር» ስም «ኪስ ሚ አጌን»ን፣ በ1980 ከ«ሉስ ጆይንትስ» ጋር ሌላ ተወዳጅ የዲስኮ ሥራ ያወጣ፣ ቼሎ እየተጫወተ የሚዘፍን ሰው ነው። አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ይቀርጻል፤ ቅጂውን በዎክማን እየሰማ በእግሩ ይሄዳል፤ ተመልሶ ያፈርሰዋል። በ1992 በኤድስ ሲሞት 40 ዓመቱ ነበር፤ ከሺህ የሚበልጥ ቴፕ ትቶ ሄደ። ያ በር የተዘጋው ከውስጥ ነው፤ የከፈቱትም የሕይወት አጋሩና ሥራውን የሚወድ አንድ አነስተኛ አሳታሚ ናቸው። በሕይወት ያለ ሠሪ «አላለቀም» ካለ አላለቀም፤ ማንም ሊያስገድደው አይገባም። ማቲስና ዶና ሰመር ግን ጨርሰው አስረክበዋል። እነዚህን ሁለት ጉዳዮች አንድ ላይ ጠቅልሎ «ምስጢር» ማለት የኩባንያውን ጥፋት በሠሪው ዝምታ መሸፈን ነው።

ደግሞ ቴፕ አይጠብቅም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ ብዙ የስቱዲዮ ቴፖች ብናኙን ከክሩ ጋር የሚያጣብቀው ማያያዣ ከአየሩ እርጥበት ይመጥና ይሙለጨለጫል። ማጫወቻው ላይ ሲወጡ እየተጣበቁ ይጮኻሉ፤ ድምፁን የያዘው ቡናማ ብናኝ እየተፋቀ ይቀራል። ለማዳን ከ50 ዲግሪ በላይ በሆነ የተመጠነ ሙቀት ለሰዓታት ማድረቅና ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ዲጂታል መገልበጥ ያስፈልጋል። እሳትም አለ። በጁን 2008 ሎስ አንጀለስ አጠገብ የዩኒቨርሳል ግቢ ሲቃጠል የማስተር ቴፖች ማከማቻ አብሮ ነዷል። ስንት እንደጠፋ ኩባንያውና ጋዜጠኞች ተከራክረዋል፤ ኩባንያው ተጋኗል ብሏል። ክርክሩ ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጥልኛል፤ ዘፈንን የሚያተርፈው መታተሙ ነው። እኔ ዶና ሰመርን ያወቅኋት ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ በደከመ ቅጂ ነው። የታተመ ዘፈን ማስተሩ ቢነድ እንኳ በየሰዉ ቤት ይተርፋል። ያልታተመ ግን ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ከነደደ አበቃ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ አንድ ኩባንያ ሥራው ከታተመ 50 ዓመት በኋላ በበቂ መጠን ለገበያ ካላቀረበው ተጫዋቹ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ጥሩ ነው፤ ግን ድንጋጌው የተጻፈው አንዴ ለሕዝብ ለደረሰ ሥራ ነው። ጭራሽ ላልወጣው አልበም ምንም አይፈይድለትም። ያልታተመ ቅጂ በአውሮፓ ጥበቃው የሚያበቃው ከተቀረጸ ከ50 ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በ1981 ተቀርጾ እስካሁን ያልወጣ ሥራ ጊዜው የሚያልቀው በ2031 ማብቂያ ነው። ኩባንያዎች በዚህ ሰዓት ምን እንደሚያደርጉ አይተናል። በ2012 የቦብ ዲለን የቆዩ ቅጂዎች መቶ ያህል ብቻ ታትመው አውሮፓ ውስጥ ተሸጡ፤ ዓላማው መብቱን ማራዘም እንደሆነ በርዕሱ ላይ ራሱ ተጽፏል። ነገ የዲስኮው ተራ ሲደርስ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ መቶ ቅጂ ለሰብሳቢ፣ ለቀረው ሰው ሌላ የዝምታ ዘመን። ሰብሳቢው ደስ ይለዋል፤ ኩባንያው ደስ ይለዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። አርቲስት ጨርሶ ያስረከበው አልበም በአምስት ዓመት ውስጥ ካልወጣ ማስተሩም መብቱም ያለ ዕዳ ወደ ሠሪው ወይም ወደ ወራሹ ይመለስ፤ ይህም በእያንዳንዱ አዲስ ውል ውስጥ ይጻፍ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በመጋዘናቸው ያለውን ያልወጣ ሥራ ዝርዝር በይፋ ያውጡ፤ ቴፑ ሳይበላሽ ወደ ዲጂታል ይገልብጡ፤ አንድ ቅጂ ለሕዝብ ቤተ መዛግብት ያስረክቡ። መቶ ቅጂ አትሞ «አወጣሁ» ማለት እንደ ማውጣት አይቆጠር።

እኛ ወዳጆቹ ደግሞ ልማዳችንን እንቀይር። አንድ ሰው «ማንም ያልሰማው አለኝ» ብሎ ሲኩራራ አናጨብጭብለት፤ ለምን እንዳላሰማ እንጠይቀው። ናይል ሮጀርስ ዛሬም መድረክ ላይ ነው፤ ማቲስም ከመድረክ የተሰናበተው ዘጠና ሊሞላው ሲል ነው። የዚያ ዘመን ተጫዋቾች፣ የድምፅ ባለሙያዎች፣ አጃቢ ዘፋኞች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ኤድስ አቀናባሪውን ፓትሪክ ካውሊን በ1982፣ ዘፋኙን ሲልቬስተርን በ1988 ከዚህ ሙዚቃ ነጥቋል። ከመቃብር በኋላ የሚመጣ ሽልማትና የሚያምር ማሸጊያ ለሟች ምን ያደርግለታል? የዘፈኑ ሰዎች ጆሮ እያላቸው ሥራቸውን ይስሙት፤ ሕዝብ ሲጨፍርበትም ይዩ። መጋዘኑን ክፈቱ፤ ዛሬውኑ!