ስሜን እንዴት ልንገራት?

ዛሬ የመጣልኝን ጉድ ስሙ። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ፍቅረኛ አለችው፤ ከተዋወቁ አራት ወር ሆኗቸዋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ልጅቷ ስሙን አታውቅም! አራት ወር ሙሉ የምትጠራው በሌላ ስም ነው።

«ምን ያለው አታላይ ነው?» ብላችሁ አትቸኩሉ። ልጁ ተብታባ ነው። የተዋወቁ ለታ እጇን ዘርግታ ስሟን ነገረችው። እሱም ሊነግራት ከንፈሩን ገጠመ። ስሙ በ«በ» ይጀምራል። ከንፈሩ እንደተገጠመ ቀረ። ቢገፋ፣ ቢታገል ወይ ፍንክች! ያለው አማራጭ ሳል ማስመሰል ነበርና ሳለ። ከሳሉ በኋላ ምላሱ ላይ በቀላሉ የመጣለትን ስም ወርወር አደረገላት። ያቺን ደቂቃ አመለጠ፤ አራቱን ወር ግን አላመለጠም።

እሷ ጭምት ይመስላታል። «ዝምታህን ነው የወደድኩት» ብላዋለች። እሱ ደግሞ ዝም የሚለው ወዶ አይደለም። በስልክ ሲጻጻፉ እንደሱ ያለ ተጫዋች የለም አሉ! ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን የሚይዘውን ቃል እየዘለለ፣ በ«እንትን» እየሞላ፣ በፈገግታ እየሸፈነ እዚህ ደርሷል። አሁን ታላቅ እህቷ ቤት ልትወስደው ቀን ቆርጣለች። የእህቷ ባል ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የልጁ የድሮ የክፍል ጓደኛ! «ልጥፋ ወይስ ልንገራት?» ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ እንዳትጠፋ። ግን ወደ ልጅቷ ከመሄዳችን በፊት ስለ ራስህ ትንሽ እናውራ። ማኪያቶ እንደምትወድ ጽፈሃል፤ ካፌ ገብተህ የምታዘው ግን ሻይ ነው፣ «ማ» ስለሚይዝህ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶህ ሃያ ሁለት መውረድ ሲገባህ መገናኛ ድረስ ሄደህ በእግርህ ተመልሰሃል። እስቲ አስበው፤ መንተባተቡ የወሰደብህ ጥቂት ሰከንድ ነው። ማኪያቶውን፣ መንገዱን፣ አሁን ደግሞ ስምህን የወሰደብህ መደበቁ ነው።

ለመሆኑ ይሄ ነገር ከየት ይመጣል? በየሰፈሩ «ሕፃን ሆኖ ደንግጦ ነው» ይባላል። ዛሬ ያሉ ባለሙያዎች የሚሉት ሌላ ነው፤ አንጎል ንግግርን ከሚያቀናብርበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፣ በዘርም ይተላለፋል። የፈሪነት ወይም የሞኝነት ምልክት አይደለም። (ኮልታፋም አይደለም! ኮልታፋ ፊደል የሚያበላሽ ነው፤ ተብታባ ቃሉን አሳምሮ ያውቀዋል፣ አልወጣ የሚለው ነው።) አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ብዙዎቹ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ ከመቶ አዋቂዎች አንዱ ገደማ ግን ይዞት ይቀራል፤ ከነሱም ወንዶቹ ይበዛሉ። ሲዘፍኑ ወይም ብቻቸውን ሲያወሩ ብዙዎቹን አይዛቸውም። አንተም መታጠቢያ ቤት ስትዘፍን እንደማይዝህ እገምታለሁ።

በአዋቂነት ነቅሎ የሚጥለው መድኃኒት እስካሁን የለም። ጠበሉን የሚከለክልህ የለም፤ «በሳምንት እናድንሃለን» ለሚል ሰው ግን ገንዘብህን እንዳትሰጥ። የእንግሊዙ ንጉሥ ስድስተኛው ጆርጅ እንኳ ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊዮኔል ሎግ እየታገዙ መናገሩ ተሻላቸው እንጂ ጨርሶ አልለቀቃቸውም።

ለአንተ የሚሆነው ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ቻርልስ ቫን ራይፐር ይባላል፤ በ1905 እ.ኤ.አ. የተወለደ አሜሪካዊ፣ ራሱም ተብታባ ነበር። በወጣትነቱ ከኀፍረቱ የተነሳ መስማትና መናገር የማይችል መስሎ እርሻ ላይ በቅጥር ሠራ። አየህ፣ ካንተም የባሰ ደባቂ ነበር! በኋላ መንገድ ላይ አንድ ተብታባ ሽማግሌ አገኘ። ሰውዬው ይንተባተባሉ፣ ግን አይታገሉም። ከራሴ ጋር መታገሉ ሰለቸኝ፣ አርጅቻለሁ፣ ቃሉ እንደፈለገ ይውጣ ብዬ ተውኩት አሉት። ቫን ራይፐር እዚያ ላይ ነቃ። ያለመንተባተብን ትቶ ሳይታገሉ መንተባተብን ተማረ፣ ለሌሎችም ሲያስተምር ኖሮ በ1994 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ከሱ ትምህርት ለቤት የሚሆነውን ልንገርህ። ቃል ሲይዝህ ትንፋሽህ ታግዷል፤ በገፋኸው ቁጥር ይብስ ይጠብቃል። ስለዚህ አትግፋ፣ ቃሉንም ለውጠህ አትሽሽ። የተጣበቀው ከንፈርህ እንደሆነ ልብ በል፣ ቀስ አድርገህ አላላው፣ ትንፋሹን ለቀቅ፣ ከዚያ ቃሉን ጎተት አድርገህ አውጣው። ታግለህ ካወጣኸውም ትንሽ ዝም በልና ያንኑ ቃል እንደገና በለሰለሰ አፍ በለው። ሌላው የሚያስቅህ ነው፤ አንዳንዴ ሆን ብለህ ተንተባተብ! ሱቅ ሂድና «ብ-ብ-ብስኩት» በል። ባለሱቁ ብስኩቱን ይሰጥሃል፣ መልስህን ይቆጥራል፣ አለቀ። አንተም ሰማይ እንዳልተደፋ ታያለህ። ችግሩ ከከበደህ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ፈልግ፤ በየሰፈሩ አይገኝም እንጂ ትላልቅ ሆስፒታሎች ጠይቀህ አታጣም ይሆናል።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ከእህቷ ቤት ቀን በፊት ንገራት፣ የክፍል ጓደኛህ ሳይቀድምህ። በስልክ ጽፈህ አትላክላት፤ እሱም ያው መደበቅ ነው። ጓደኛም አትላክ። «ሙሴስ አሮን ነበረው» ትለኝ ይሆናል፤ ሙሴ የተላከው ፈርዖን ጋ ነው፣ አንተ የምትሄደው ከምትወድህ ልጅ ጋ ነው። ጫጫታ የሌለበት ቦታ ምረጥ። መጀመሪያ መንተባተብህን ንገራት፤ ለምን ዝም እንደምትል፣ ያን ቀን ለምን እንደሳልክ። ስሙን ከዚያ ታመጣዋለህ። እዚያ ላይ ሊይዝህ ይችላል፣ ምናልባትም እርግጠኛ ነው። ይያዝህ! እስኪወጣ ጠብቀው። በዚህኛው ጊዜ ሳል የለም።

ልትቀየምህ ትችላለች፤ አራት ወር ቀላል አይደለምና መብቷ ነው። አትከራከራት፣ ጊዜ ስጣት። እኔ ግን የምትቆጣው በውሸቱ እንጂ በመንተባተብህ አይመስለኝም።

እህቴ፣ ምናልባት ይሄን እያነበብሽ ነገሩ ጠርጠር ካደረገሽ፣ ላንቺም አንድ ነገር አለኝ። ቃሉ ሲይዘው «ተረጋጋ፣ ቀስ በል» አትበዪው፤ ያንን ሲሰማ ነው ያደገው። ልትረጂው ብለሽ ቃሉንም አትጨርሺለት፣ በተለይ ያን ቃል። ዓይኑን እያየሽ ጠብቂው።

አንተ ደግሞ ዛሬ ማታ ታክሲ ስትሳፈር ሌላ ሰው «ወራጅ» እስኪል አትጠብቅ። ከፌርማታህ ትንሽ ቀደም ብለህ ጀምረው፤ ቢዘገይም ይደርሳል። ልጅቷ ምን እንዳለችህም ጻፍልኝ፤ አልደብቅህም፣ ጓጉቻለሁ።