የጋራ ሕንፃ ቤት አድሶ ስለ መሸጥ

በባሕር ዳር ከነጋዴዎቻችን አንዳንዶቹ ከሸቀጥ ያተረፉትን ገንዘብ የጋራ ሕንፃ ቤት ገዝተው፣ አድሰው፣ መልሰው በመሸጥ ሥራ ላይ ሲያውሉት ይታያል። ሥራው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ቤት እንደ ጆንያ ቡና ገዢው ብቻውን የሚያዝዝበት ዕቃ አይደለም።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደሚያስረዳው፣ ገዢው ለብቻው የሚይዘው የራሱን ክፍል ነው፤ ደረጃው፣ ጣራው፣ መሠረቱና ግቢው ግን የሁሉም ሀብት ሲሆን የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ወደ ዕድር የሚገባ ሰው ወድዶ ይገባል፤ የጋራ ሕንፃ ቤት የገዛ ግን በመግዛቱ ብቻ የማኅበሩ አባል ሆኗል።

«በገንዘቤ የገዛሁትን ቤት ማን ያዝዝብኛል?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሱ ሂሳብ ነው። ሳሎን ለማስፋት የፈረሰው ግድግዳ መለያ ብሎኬት ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ዓምድ ወይም ቢም ከተነካ ግን ሕንፃው በሙሉ ይናጋል። መታጠቢያ ቤት ያለ ጥንቃቄ ከቦታው ቢዛወር ውሃው ወደ ታችኛው ጎረቤት ይወርዳል፤ ከታች ሱቅ ካለ የሚበላሸው ስኳርና ጨርቅ የሌላ ነጋዴ ሀብት ነው። ያን ጊዜ የዕድሳቱ ትርፍ በካሣና በክርክር ያልቃል። በጣና ላይ የሚቀዝፍ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ወገን ደንገል ሲፈታ የሚሰጥመው ታንኳው በሙሉ ነው።

ስለ ሽያጩም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 እና 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና ውሉ እንዲመዘገብ ያዝዛል። መንግሥት በዕጣ ያስተላለፈው ቤት ሲሆን ደግሞ የባንክ ዕዳው መከፈሉንና የመሸጥ ክልከላው ዘመን ማለፉን መመርመር ያስፈልጋል፤ በአዲስ አበባ ይህ ዘመን አምስት ዓመት እንዲሆን ተደንግጓል።

ማኅበሮቹም ቢሆኑ ከወቀሳ ነጻ አይደሉም። ፈቃድ ለጠየቀ አባል በቃል መመለስ ወይም መልሱን ለወራት ማቆየት አስተዳደር አይባልም። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፤

1ኛ/ የዕድሳት ጥያቄ በጽሑፍ ቀርቦ መልሱ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይሰጥ፤

2ኛ/ የፈቃዱ ግልባጭ ከሥራው ፕላን ጋራ በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ፤

3ኛ/ ቤቱ ሲሸጥ ማኅበሩ፣ ሻጩ የጋራ ወጪ ዕዳ እንደሌለበትና ዕድሳቱ በፈቃድ እንደ ተሠራ የሚያስረዳ ወረቀት ይስጥ።

በነጋዴ ጸሐፊነት ሥራዬ ዘወትር እንደማየው፣ ሰነዱ ያልተሟላ ዕቃ ከጉምሩክ አይወጣም። የማኅበሩ ወረቀት የሌለው ቤትም በገዢ ዘንድ ዋጋው ሊያንስ ይገባል። ነጋዴዎቻችን ወረቀቱን ሳያዩ ቀብድ አንሰጥም ቢሉ፣ ማኅበሮቹ ሌላ ትእዛዝ ሳይጠብቁ መዝገብ መያዝ ይጀምራሉ።